የእናቴ ሰንጢ ጀርባ

አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ሙሽራ ባየች ቁጥር የምትተርከው አንድ ታሪክ አላት። ባል ማለት የሚስቱን ሰንጢ ቁጭ ብሎ የሚስል ነው ትልና ትጀምራለች። ወንድሟ እናቴ በሌለችበት ከሥራው ቀርቶ፣ ግቢ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ድንጋዩን እያራሰ፣ ወገቡ እስኪቆረጥ ድረስ ሰንጢዋን እንደሳለላት ትናገራለች። እናቴ ስትመለስ እንዳለቀሰችም ትጨምራለች። ሙሽሮቹ ዓይናቸው እንባ ያቀራል፤ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰውዬ በአዲስ ዓይን ያዩታል።

አክስቴ በቦታው አልነበረችም። እኔ ነበርኩ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቻለሁ። ስለዚህ "አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ" የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ ልጅ ነበርኩ፤ ዓይን ግን ነበረኝ። ያየሁት ሁሉ ትክክል ነበር። የተሳሳትኩት ላየሁት ነገር ስም ስሰጥ ነው።

እናቴ የፍራፍሬ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ሥራዋ ማዳቀል ነው፤ ሥሩ የማይበገረውን የሎሚ ችግኝ አናቱን ትቆርጥና፣ ቁስሉ ላይ የጣፋጭ ብርቱካን ቀንበጥ ገጥማ በላስቲክ ታስረዋለች። ሁለቱ ቁስሎች በደንብ ከተጋጠሙ አንድ ዛፍ ይሆናሉ፤ ካልተጋጠሙ ቀንበጡ ይደርቃል። ሌላ ምሥጢር የለውም። በዚያ ጣቢያ ግን እንደ እሷ የሚገጥም አልነበረም። የጣቢያው ኃላፊ ዝናብ ኖረም አልኖረም ጥላ የማይለያቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ ጥላ ይላቸዋል። እናቴ ያዳቀለችበትን መደብ ለእንግዳ ሲያሳዩ፣ ሕፃን የተኛበት ክፍል የገቡ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር።

ሰንጢዋን የሰጣት ሙያውን ያስተማራት ሰው ነው፤ ጡረታ ሲወጣ መዳፏ ላይ አስቀምጦላት ሄደ። ታጣፊ ነው፤ እጀታው ከእጅ ወዝ የጠቆረ እንጨት፣ ሲዘጋ ድምፁ የማይጮኽ፣ ሲከፈት የማይነቃነቅ። ስለቱ እንደ ተራ ቢላ በሁለቱም ጎን የተሞረደ አልነበረም። ተዳፋት ያለው አንዱ ጎኑ ብቻ ነው። ሌላውን ጎን እሷ "ጀርባው" ትለዋለች፤ እንደ መስተዋት ዝርግ ነው። ያ ዝርግ ጎን እንጨቱ ላይ ተኝቶ ሲሄድ ቁርጡም ዝርግ ሆኖ ይወጣል፤ ሁለት ዝርግ ቁርጦች ሲገጣጠሙ ደግሞ በመሀላቸው አየር አይገባም።

በዕረፍት ቀኗ ስትስለው ማየት እወድ ነበር። መጀመሪያ ተዳፋቱን በእርሳስ ታጠቁረዋለች። ድንጋዩ ላይ ጥቂት ሳብ ሳብ ታደርገውና እርሳሱ የለቀቀበትን ቦታ ታያለች፤ የለቀቀው ጠርዙ ጋ ብቻ ከሆነ ሰንጢውን አብዝታ አቁማዋለች፣ ጠርዙ ጋ ሳይደርስ ከቀረ አብዝታ አስተኝታዋለች ማለት ነው። ከሻካራው ድንጋይ ወደ ልስልሱ፣ ከልስልሱ ወደ አሮጌ ቀበቶ ቆዳ። በመሀል ጠርዙ ላይ ዓይን የማያያት ቀጭን የብረት ፀጉር ትወጣለች። በጣት ስትዳሰስ ሰንጢው የተሳለ ታስመስለዋለች፤ ውሸቷን ነው፤ እንጨት ስትነካ ትታጠፋለች። ስለዚህ እናቴ ጀርባውን ድንጋዩ ላይ ሙሉ ለሙሉ አስተኝታ ያቺን ፀጉር ትጠርጋታለች። ይህን ስታደርግ ትንፋሿን ትይዛለች። ጀርባው ትንሽ እንኳ ከድንጋዩ ከተነሳ፣ ትለኝ ነበር፣ ሰንጢ መሆኑ ይቀርና የሽንኩርት መላጫ ይሆናል።

አባቴ ጫማ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቆዳ ቆራጭ ነበር። ቆዳ እየላገ የሚያሳሳበት ቢላውም አንድ ጎኑ ዝርግ፣ አንድ ጎኑ ተዳፋት ነው። አንባቢዬ ይህን ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ኋላ "አያውቅም ነበር" የሚል ጠበቃ እንዳይቆምለት። ከመጋባታቸው በፊት የተዋወቁትም አንዱ የሌላውን መሳያ ድንጋይ ሲያጣጥል ነው አሉ። እሱ የሎሚ ሐኪም ይላታል፤ እሷ የበሬ ልብስ ሰፊ ትለዋለች። ቤታችን ውስጥ ብዙ ሳቅ ነበር፤ ወይም እኔ ከጣሪያው በታች የሚሰማውን ሁሉ ሳቅ ነው ብዬ እወስድ ነበር።

በዚያ ዓመት ግን ሳቁ ቀዘቀዘ። ከመጋረጃው ጀርባ የሚመጣልኝ ቁርጥራጭ ወሬ ነበር። ጋሼ ጥላ ለእናቴ የማዳቀሉን ክፍል በሙሉ ሊሰጧት አስበዋል። ወንዝ ማዶ የሚከፈተው አዲስ ጣቢያም በእሷ እጅ ይሆናል፤ አንዳንድ ሳምንት እዚያው ታድራለች። ከበላይ ያሉት ሰዎች ግን ሴትን በወንዶች ላይ መሾሙ አልተዋጠላቸውም፤ ስለዚህ በሚመጣው ወቅት አንድ ሙሉ መደብ ብቻዋን አዳቅላ ታሳየን ብለዋል። ቀንበጦቹ ከያዙ ሹመቱ የእሷ ነው።

አባቴን የሥራ ጓደኞቹ ጠዋት ጠዋት "አለቃህ እንዴት አደረች?" እያሉ ይጠይቁት ጀመር። መንገድ ላይ ሳይቀር ሰምቻለሁ። እኔ የመሰለኝ በጫማው ቤት አንዲት በሽተኛ አለቃ እንዳለችው ነው። አሳዘነችኝ። አንድ ቀን እራት ላይ "አባዬ፣ አለቃህ ተሻላት?" ብዬ ጠየቅሁት። እናቴ የጠጣችው ውሃ ትን እስኪላት ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ሰሃኑን ገፋ አድርጎ ተነሣ። የሴትዮዋ ነገር ከብዶበት ነው ብዬ ገመትኩ።

አክስቴም መጥታ ነበር። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንድሜን የቤት ዘበኛ ልታደርጊው ነው ብላ ጀመረች። እናቴ ሽሮ እያማሰለች ቤቱ እግር አውጥቶ የሚሮጥ ይመስል ለምን ዘበኛ ያስፈልገዋል አለቻት። አክስቴ ወደ እኔ ዞራ፣ ምስኪን ልጅ፣ እናት አልባ ልትሆን ነው አለች። እናቴ አጠገቤ ቆማ ስለነበር ነገሩ ግራ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ አባቴ እናቴን ማናገር ተወ። የሚናገረው በእኔ በኩል ነው። "እናትሽን ጨው አቀብዪው በያት" ይለኛል፤ ጨው ታቀብለዋለች፤ "አመስግኗል በያት" ይለኛል። ሁለቱም እኔን ስለፈለጉኝ ኮራሁ። ተከራካሪ ስለነበርኩ አባቴ ድሮም ጠበቃዬ ነበር የሚለኝ፤ አሁን ጭራሽ የሁለቱም ጠበቃ የሆንኩ መሰለኝ።

ወቅቱ ሊገባ ሲል የእናቴ ታናሽ እህት ታመመችና እናቴ ልታስታምም ሄደች። ሰንጢዋን መሳቢያ ውስጥ ትታ ነው የሄደችው።

በማግስቱ አባቴ ሥራ አልገባም። ዱካ አወጣ፣ ሁለቱን ድንጋዮች በባልዲ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈ፣ እኔን ጠራኝና ደረጃው ላይ አስቀመጠኝ። ለእናትሽ አንድ ነገር ላደርግላት ነው፣ አለኝ፣ እስክሰጣት ድረስ እንዳትነግሪያት። ልቤ ዘለለ። ታረቁ ማለት ነው። ዘፈን እያንጎራጎረ ተዳፋቱን ሳለው፤ እንቅስቃሴው የሚያምር ነበር፤ ከክርኑ እንጂ ከእጅ አንጓው አይመጣም፤ ድንጋዩ ላይ ግራጫ ጭቃ እየወጣ በጣቶቹ መሀል ይፈስሳል። ከዚያ ሰንጢውን ገለበጠው። ጀርባውን ድንጋዩ ላይ አሳረፈና ከወገቡ፣ ከስለቱ ማዶ ካለው ወፍራም ጠርዝ በኩል፣ ጥፍር በሚያህል፣ ከፍ አደረገው።

"እማዬ ጀርባው አይነሳም ትላለች" አልኩት።

እጁ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። ያንን አስተያየት ዛሬም ድረስ አልረሳሁትም፤ ያኔ ግን ፍቅር ነበር የመሰለኝ። "እናትሽ የምታውቀው አንዱን መንገድ ነው፣ ጠበቃዬ" አለኝ። "ይሄ የጌቶች አሳሳል ነው።"

በቃኝ። የጌቶች አሳሳል። እሱ ቀጠለ፤ በጥንቃቄ፣ ሳይቸኩል፣ እንዳነሳው ሳያወዛውዝ። ክፉ ሥራ በግዴለሽነት ይሠራል የሚል ሰው ካለ አባቴን አላየውም። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቆ ሲሠራ ዓይቼው አላውቅም። ከዚያ የጫማ ማስዋቢያ ሰም የተቀባ ቆዳ ላይ፣ ያነሳው ጠርዝ ከቀሪው ጀርባ ጋር አንድ ላይ እስኪያንጸባርቅ ድረስ፣ ጠረገው፣ ጠረገው። ለዓይን ምንም አይታይም። የክንዱን ፀጉር ላጨበት። ወረቀት ከላይ ለቀቀና ስለቱ ላይ ሲወድቅ ለሁለት ተከፈለ። አጨበጨብኩ።

እናቴ የመጣች ዕለት በር ላይ ጠብቆ ሰጣት። ለብዙ ጊዜ አንድ ቃል ያልተነፈሰላት ሰው ነው። "ለመደብሽ" አላት። ከፈተችው፤ አውራ ጣቷን ስለቱ ላይ አሳረፈች፤ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ከዚያ እንደ ልማዷ ጀርባውን የመስኮቱ መስተዋት ላይ ልታስተኛው ወደ መስኮቱ አንድ እርምጃ ሄደች። ያ የእሷ ሥርዓት ነው፤ ብርሃን በሥሩ ያለፈ እንደሆነ ታያለች፤ ከሌላ ሰው እጅ የተቀበለችውን ሰንጢ ሳታስተኛ ኪሷ ከትታ አታውቅም። የአባቴን ፊት አየችና ቆመች። ሰንጢውን አጠፈችው። አለቀሰች።

እንግዲህ ይቺ ናት አክስቴ የምታስለቅስባት ለቅሶ። የታረቀን ሰው ስጦታ መመርመር ስድብ መስሏት ነው ያላስተኛችው። ያንን መስተዋት ለመንካት አንዲት እርምጃ ቀርቷት ነበር።

መደቡን ጀመረች። ማታ ስትገባ፣ ሰንጢው እጄን ይጎትተኛል ትላለች። ቁርጡ እንደምትፈልገው አይወጣም፤ መሀሉ ላይ የሚያፈነግጥባት ይመስላታል፤ ወዲያው ደግሞ በዓይኗ ስታየው ደህና ነው። ራሷም ትስለው ነበር፤ ግን የምትስለው ተዳፋቱን ነው፤ ጀርባውን አስተኝታ ስትጠርገው ደግሞ ድንጋዩ የተነሳውን ጠርዝ አይደርስበትም። የብረቷ ፀጉር እዚያው ትቀራለች። በጣት ሲዳሰስ ሰንጢው ምላጭ ነው። ታዲያ ከሰንጢው ውጪ ምን ይጠረጠራል?

"እጅሽ ነው የደከመው" ይላታል አባቴ። "በሽተኛ ስታነሺ ስታስተኚ የሰነበተ እጅ እኮ ነው።"

ዘይት በማንኪያ አሙቆ ይመጣል። እግሯ ሥር ተቀምጦ የእጇን አንጓ ያሻታል። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ፤ የመብራቱ ብርሃን በዘይቱ ላይ ያብለጨልጫል፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትስቃለች፣ ታደርቀኛለህ ትለዋለች። እነዚህን ሁለት ሰዎች ለዘላለም እንደዚህ አድርግልኝ ብዬ ተኛሁ።

ላስቲኩ የሚፈታበት ቀን ትምህርት ስላልነበረ ይዛኝ ሄደች። መደቡ ረጅም ነበር፤ ጫፉ ላይ ያሉት ሰዎች ትንንሽ ሆነው ነው የሚታዩት። ጋሼ ጥላ ጥላቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ ከበላይ የመጡት ሰዎች ከጎናቸው። እናቴ የመጀመሪያውን ላስቲክ ፈታች። ቀንበጡ ጠቁሯል። በሁለት ጣቷ ያዘችው፤ ጥርስ እንደሚነቀል እንኳ አላስቸገረም፤ ተነሥቶ መጣ። ሁለተኛውም። የሚቀጥለውም። አልፎ አልፎ አንድ አረንጓዴ ይገኛል፤ ያኔ ቀና ትላለች፤ ከዚያ እንደገና ጎንበስ። ጎረቤት መደብ ላይ፣ እሷ ራሷ ያስተማረችውና ቀጭኔ የሚሉት ረጅም ወጣት ያዳቀለው፣ ለምለም ሆኖ ቅጠሉን በንፋስ ያወዛውዛል።

እኔ የደረቁትን ቀንበጦች ለቅሜ እንደ ማገዶ አሰርኳቸው። ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

ከበላይ የመጡት ሰዎች መደቡ ሳያልቅ ሄዱ። ጋሼ ጥላ ጥላቸውን ከራሳቸው ወደ እሷ ራስ አዞሩትና፣ "እጅ ነው፣ ልጄ። እጅ ይከዳል" አሏት። ሊያጽናኗት ነው። ሹመቱ ለቀጭኔ ተሰጠ። እናቴ ለጥቂት ጊዜ ችግኝ ውሃ የምታጠጣ ሆና ቆየችና እሱንም ተወችው። ሰንጢው ወጥ ቤት ገባ። ሽንኩርት የምልጥበት እኔ ነበርኩ፤ ለሽንኩርት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተወዳዳሪ የለውም።

ያ ዓመት የልጅነቴ ደስተኛ ዓመት ነው። ይህን ስጽፍ ብዕሬን መስበር ያምረኛል፤ ግን እውነት ነው። እናቴ ቀኑን ሙሉ ቤት ነበረች። አባቴ ብስኩት ይዞ ይገባል። ጓደኞቹ ስለ በሽተኛዋ አለቃ መጠየቅ አቆሙ፤ ተሽሏት ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ። በዓመቱ ወንድሜ ተወለደ።

ባለፈው ሰሞን ይኸው ወንድሜ አዲስ ቤት ገብቶ ቤተሰቡን ጠራ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ መስኮቶቹ ገና የቀለም ሽታ አልለቀቃቸውም። አንድ የወንድሜ የሥራ ጓደኛ ለአባቴ ጥሩ ታጣፊ ሰንጢ በስጦታ አመጣለት። አባቴ አርጅቷል፤ ሰንጢ እጁ ሲገባ ግን ሃያ ዓመት ይቀንሳል። ወጣቶቹን ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። ድንጋዩ በውሃ መጥገብ እንዳለበት፣ በሻካራው ተጀምሮ በልስልሱ እንደሚጨረስ፣ አቋቋሙን በእርሳስ እየቀቡ መፈተን እንደሚቻል ነገራቸው። የእርሳሱን ነገር የወሰደው ከእናቴ ነው፤ አላነሳትም። ይሄኛው ሁለት ጎኑ የተሳለ ስለሆነ እኩል እኩል ነው የምትስሉት፣ አለ፤ አንድ ጎን ብቻ ያለው ከገጠማችሁ ግን ጀርባውን እንዳታነሱት፤ ፀጉር ታህል ብታነሱት አለቀለት።

እጄ ላይ የነበረው ብርጭቆ የቀዘቀዘብኝ ያኔ ነው። ደረጃው፣ ባልዲው፣ ጥፍር በሚያህል ከፍ ያለው የብረት ወገብ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተመልሶ መጣ።

አክስቴ ከሶፋው ላይ፣ ለሷ እንደሳልክላት ንገራቸው እንጂ አለችው።

አባቴ ሳቀ። ከልቡ፣ እንባው እስኪወርድ። "እሱንማ የሳልኩት መሰለሽ?" አላት። "ገድዬው እኮ ነው። ባልገድለውማ ኖሮ ይቺ ሴትዮ ወንዝ ማዶ አለቃ ሆና ቀርታ፣ ይሄ ባለ አዲስ ቤትም አይወለድም ነበር።"

ወንዶቹ ሳቁ። አንዱ ትከሻውን መታው፤ ሌላው ዘዴኛ ነህ ጋሼ አለው።

ተነሣሁ። የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም፤ ባለሥልጣን የማብጠለጥልበት አፍ አለኝ፣ ለአባቴም አልራራም። ሚስቱን ከሥራዋ ከመቁረጥ አልፎ፣ ማታ ማታ ዘይት እያሸ ጥፋቱን በእሷ ላይ ያሳበበ ሰው ምን እንደሚባል ስሙን ጠርቼ ነገርኩት። ወንድሜ የቤቴን ቀን አታበላሺ እያለ ክንዴን ያዘ። አክስቴ ስለወደዳት አይደል እንዴ አለች፤ እርግጠኛ ነኝ፣ ለቀጣይዋ ሙሽራ እንዲህ አድርጋ ነው የምትተርከው። አባቴ መሀረቡን አውጥቶ ዓይኑን እየጠረገ፣ ጠበቃዬ ያለፈ ነገር ነው፣ ለናንተው ብዬ ነው አለ።

እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር። ወንድሜ ቤቱ ሲመረቅ ዳቦውን እንድትቆርስ ለምኗት፣ እንደ ሁልጊዜው ለሌላ ሰው አሳልፋ ሰጥታ ነው የተቀመጠችው። እናቴ ለእንግዳ ዳቦ አትቆርስም። ሞልቶ የተቀዳ ብርጭቆ በሁለት እጇ ካልሆነ አትይዝም። የወንድሜ የመጀመሪያ ልጅ የተወለደ ቀን፣ ሁላችንም እየተሻማን ስናቅፈው፣ እሷ አልጋ ላይ አስተኙልኝና ልየው ነው ያለችው፤ እጄን አላምነውም ብላ። እኛ ጠባይዋ ነው ብለን ስቀን አልፈን ነበር።

ክርክሩን የሰማችም አትመስልም። ወደ እሱ ብቻ ነው የምታየው። ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖር ምን ነበረበት።

"እኔ እኮ እጄ መስሎኝ ነበር" አለችው።

አባቴ መሀረቡን እያጠፈ ዞረ።

"እጅሽ ደግሞ ምን ሆነ?" አላት።